ርዝመቱ አልተነካም

ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የቸኮለም መንገዱ ይቅናው። አንድ አገር ነበረ። ስሙን ብጠራው ከመካከላችሁ አንዱ «እፎይ፣ የኛ አይደለም» ብሎ ተደላድሎ ይተኛልና ስሙ ይቆየን።

በዚያ አገር «የለም» የሚለው ቃል በሕግ ተከልክሎ ነበር። የሌለ ነገር ሁሉ «ገና ነው» ይባላል። ገበያ ወጥታ «ጨው አላችሁ?» ያለች ሴት «ገና ነው» ትባላለች፤ ጨው ከዚያ ገበያ ከጠፋ ዘመን አልፎት። አባቱ የሞተበት ሰው እንኳ «አባትህ አሉ?» ሲሉት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ገና ናቸው» ይል ነበር። ሹማምንቱ ሕጉን ሲያወጡ ለሕዝቡ አዝነው ነው አሉ። «የለም» ልብ ይሰብራል፤ ልቡ የተሰበረ ሰው ደግሞ ግብር ላይ ይሰንፋል።

የአገሩ አዋጅ ነጋሪ አውላቸው ይባላል። ቀጭን፣ ረዥም፣ ለዓይን የማይሞላ ሰው ነበር። ነጋሪቱን መትቶ አፉን ሲከፍት ግን ወንዝ ማዶ ያለ አራሽ ሞፈሩን ያቆማል። አባቱም አያቱም አዋጅ ነጋሪዎች ነበሩ፤ ያወረሱትም አንድ ምክር ነው፦ «አዋጅ ነጋሪ አሸንዳ ነው። ውሃው ቢደፈርስ አሸንዳ አይጠየቅም።» አውላቸው በዚህ ምክር ሰላም አግኝቶ ይኖር ነበር። የሰጡትን ይላል፤ ያልሰጡትን አይልም፤ ቤቱ ገብቶ ይተኛል።

አንድ በጋ ከአገሩ ራስጌ፣ ዝም ባይ በሚባለው ተራራ ሥር፣ አንዲት ትንሽ ማኅበር ድንኳን ተከለች። ወርቅ ፈላጊ ማኅበር ነበረች። የነበራት አንድ አለቃ፣ አንድ ቀማሽ፣ አንድ ዶማ ነው፤ ወንበሯ ግን ብዙ ነበር። አለቃው ሊቀ ተስፋ ቀፀላ ይባላል። ድምፁ ለስላሳ፣ እጁ ለስላሳ፣ ሰውን ሁሉ «የኔ ጌታ» «የኔ እመቤት» እያለ የሚጠራ፣ ለሕፃን እንኳ ከወንበሩ የሚነሣ ሰው ነው። ቀማሹ ደግሞ አዛዥ ብልጭታ የሚባል ማዕርግ ነበረው፤ ሥራው ድንጋይ መላስ ነው።

ሊቀ ተስፋ አዋጁን ሰጠ፣ አውላቸውም ገበያ መሐል ካለው ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ነገረ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በዝም ባይ ተራራ ሆድ ውስጥ ወርቅ አለ! ትልልቆቹ ሳይቀድሙህ ትንሹ ሆይ አሁን ቅደም! በሬ ያለህ በሬ፣ ማር ያለህ ማር፣ ቡልኮ ያለህ ቡልኮ አዋጣ! ላዋጣ ሁሉ አንድ ክንድ ጠፍር ይሰጠዋል። ወርቁ የወጣ ዕለት ጠፍር የያዘ ሁሉ ድርሻውን ያነሣል!»

በማግስቱ እኅቱ አትጠገብ ቤቱ መጣች። ታላቁ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስንዱ የምትባል ልጇን ይዛ፣ ባሏ በተወላት ጥማድ እያሳረሰች ትኖራለች። በሬዎቹ ቡሬና ጎሽሜ ይባሉ ነበር፤ በአገሩ ለጉልበታቸው ተወዳዳሪ የላቸውም።

«ወንድምዓለም» አለችው ደፉ ላይ እንደቆመች፣ «አዋጁን ሰማሁት። እኔ አሁን የምጠይቀው አንተን ነው። እውነት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ፤ የሰጡኝን ነው ያልኩት።»

«ድምፅህ ግን ያመነ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።»

ምስጋና መስሎት ደስ አለው። «እኔም ቡልኮዬን ሰጥቻለሁ» አላት። «ሰውዬው ደግሞ ክፉ አይመስልም። ስገባ ተነሥቶልኛል።»

አትጠገብ ሌላ አልጠየቀችም። በነጋታው ቡሬንና ጎሽሜን እየነዳች ወደ ተራራው ወጣች፤ ስትመለስ መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው አንድ ክንድ ጠፍር በትከሻዋ ላይ ነበር። ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። የስንዱ እጮኛ ወገኖች ሊጠይቁ ሲመጡ አሳየቻቸው፤ እነሱም እየተቀባበሉ ዳሰሱት፣ «መልካም ነው» አሉ። እነሱም ሰጥተው ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ መስኩ ሲያብብ የድንጋዩ በዓል ተደረገ። ከጉድጓዱ ወጣ የተባለ አንድ ድንጋይ በትራስ ላይ ተቀምጦ፣ ጥላ ተይዞለት፣ እንደ ታቦት እየተዘፈነለት ገበያ ወረደ። አዛዥ ብልጭታ አፉን ተጉመጥምጦ ድንጋዩን ላሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ።

«መዳብ መዳብ ይላል» አለ። «መዳብ የወርቅ ጎረቤት ነው።»

እልልታው ሰማይ ነካ። አውላቸው ነጋሪቱን መታ። የሚቀጥለው ዓመት ድንጋይ የወርቅ የአክስት ልጅ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የወርቅ አጎት። ዘመድ እየቀረበ ስለ ሄደ፣ ከሩቅ ቀበሌ ሁሉ ሰው በሬውን እየጎተተ ይመጣ ጀመር። ለመጣው ሁሉ ጠፍር ያስፈልጋል።

ያን ጊዜ የፍቅር ቀን የሚባል ሥርዓት ወጣ። ጠፍር ያለው ሁሉ ጠፍሩን ይዞ ድንኳኑ ዘንድ ይሰለፋል፤ ምላጭ የያዘ ሹም ጠፍሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በቁመቱ ይተለትለዋል። ግማሹ ለባለቤቱ፣ ግማሹ ለአዲስ ገቢው። የአትጠገብ ተራ ሲደርስ ምላጩ ሲያልፍ አይታ ደነገጠች።

«ጌታዬ፣ ግማሹን ወሰዳችሁብኝ እኮ!»

ሊቀ ተስፋ ቀፀላ ከወንበሩ ተነሣ። «የኔ እመቤት፣ እስቲ ክንድሽን ዘርጊ።» ጠፍሩን ራሱ ክንዷ ላይ አጋደመላት። «ርዝመቱ ተነክቷል?»

«አልተነካም።»

«ታዲያ ምን ጎደለብሽ?»

«ስፋቱ ነዋ!»

ቀፀላ በትዕግሥት ፈገግ አለና ወደ አውላቸው ዞረ። «አዋጅ ነጋሪ፣ ስትናገር ስፋት ብለሃል?»

አውላቸው አሰበ። «ስፋት አላልኩም» አለ። እውነቱን ነው፤ አላለም። እኅቱ ቀና ብላ አየችው፤ የቀረላትን ጠፍር ጠቅልላ ሄደች። አውላቸው ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ እንደ ልማዱ ሊተኛ ቢሞክር እንቅልፉ ደጅ ቀረ።

ዓመታቱ ሄዱ። ጠፍሩ በየፍቅር ቀኑ ተተለተለ፤ ቀበቶ የነበረው የጫማ ማሰሪያ ሆነ፤ የጫማ ማሰሪያው ክር ሆነ። ርዝመቱ ግን ሁልጊዜ ያው አንድ ክንድ ነው፤ ማንም ሰው ለክቶ ማየት ይችላል። የማኅበሯ ሹም ግን እንደ እንጉዳይ ፈላ። የዶማ ጠባቂ ተሾመ። የዶማውን ጠባቂ የሚጠብቅ ተሾመ። መሰላል ሳይሠራ የመሰላል መርማሪ መጣ፣ ምክትልም ጠየቀ፣ ተሰጠው። ድንኳኖቹ ከተራራው ሥር እስከ ወንዙ ደረሱ፤ ከላያቸው የጥብስ ጢስ ጠፍቶ አያውቅም።

ታች ደግሞ ማሳው ጦም ማደር ጀመረ። የአገሩ በሬ ሁሉ ተራራው ዘንድ ነውና የሚያበድር ጎረቤት ጠፋ። አትጠገብ በመቆፈሪያ እየቆፈረች ዘራች፤ ከማሳዋ ሩቡ እንኳ አልተሸፈነላትም። ሠርጉ ሲቀርብ የስንዱ እጮኛ አባት መጣና ራሱን እያከከ፣ «እትዬ አትጠገብ፣ ልጆቹ ጎጆ ሲወጡ እኛም በሬ፣ እናንተም በሬ ነበር ቃላችን። እኛ ዘንድ ክር አለ፤ እናንተም ዘንድ ክር ነው። በክር ምን ያርሳሉ?» አለ። ሰው ሳይጣላ ሠርጉ ፈረሰ። ስንዱ የእናቷን ጠፍር ከምሰሶው አውርዳ ጠጉሯን አሰረችበት፤ ለሌላ የሚሆን አልነበረም።

አውላቸው ይህን በሰማ ዕለት ነጋሪቱን ትቶ በትሩን ብቻ ይዞ ወደ ተራራው ወጣ። የመጣው ሊለምን ነበር፤ ቢያንስ አንዱን በሬ ለእኅቱ ይመልሱላት ብሎ። ቀትር ነውና ሹማምንቱ ሁሉ ምሳ ላይ ነበሩ፤ ዘበኛም አልነበረም። አለቃውን ፍለጋ ከትልቁ ድንኳን ኋላ ዞረ።

ከኋላው መስክ ሙሉ ቆዳ ተወጥሮ ነበር። ቀይ፣ ዳለቻ፣ ነጭ፣ ዥጉርጉር፤ በችካል በችካል እየተወጠረ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ከዳር ያለው ቆዳ ግማሹ ተተልትሏል፤ ምላጩ እዚያው ሣሩ ላይ ተጥሏል፤ የተተለተለው ጠፍር ለአዲስ ገቢዎች ተጠቅልሎ ተከምሯል። አውላቸው የቆዳው ግንባር ላይ ነጭ ምልክት አየ፤ ታፋው ላይ ጅብ የቧጨረው ጠባሳ አየ። ያን ቁስል ያኔ ቅቤ እየቀባ ያዳነው ራሱ ነው። እጁን ጠባሳው ላይ አሳረፈ። ቡሬ ነበር።

ቆሞ ማልቀስ ሳይችል ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ጉድጓዱ የአንድ ሰው ደረት ያህል ተቆፍሮ ቀርቷል፤ አፉን ሣር ሸፍኖታል፤ ውስጡ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ዶማው አጠገቡ በተሠራለት ቤት ውስጥ፣ በቀይ ግምጃ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ግምጃውን ገለጠው። ከአንጥረኛው የመጣበት ጥቁረት ገና አለቀቀውም።

«የኔ ጌታ፣ ምሳ ሳትበላ?» አለ ለስላሳ ድምፅ ከኋላው። ሊቀ ተስፋ ቀፀላ እጁን በፎጣ እየጠረገ ቆሟል።

«የእኅቴን በሬ በላችሁት» አለ አውላቸው።

«ለጥቅም አዋልነው እንበል። ይኸን ሁሉ ሕዝብ ተስፋ የሚያስደርግ ሰው ጦሙን ይደር?»

«ጉድጓዱ ሣር አብቅሏል።»

«ሣር ማብቀሉም መልካም ምልክት ነው።»

«የምትሰጡን ጠፍር የገዛ በሬያችን ቆዳ ነው!»

«ከየት ይምጣ ታዲያ?» አለ ቀፀላ፣ በእውነት ገርሞት። ከዚያ እጁን አውላቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። «ይልቅ ለነገ ተዘጋጅ፤ ታላቅ የምሥራች አለህ። ማኅበራችን ከወንዝ ማዶ ወዳለው ተራራ ልትሻገር ነው። ስሟንም ትለውጣለች። መከተል የሚሻ አዲስ ከብት ይዞ ይምጣ።»

«አሮጌው ጠፍርስ?»

«በቤታቸው ያስቀምጡት። ርዝመቱ አልተነካም።» ከብብቱ መዳፍ የሚያህል ወፍራም ጠፍር አወጣና አቀበለው። «ይኸ የኛ የሹማምንቱ ነው፤ ምላጭ አይነካውም። እንካ፣ የድምፅህ ዋጋ።»

አውላቸው ጠፍሩን ተቀበለ። ክብደቱን ተሰማው። ከዚያ ዶማው ላይ፣ ከግምጃው በላይ አስቀመጠውና ቁልቁለቱን ወረደ።

በማግስቱ ገበያው ሞልቶ ነበር። የምሥራች አለ ስለተባለ ሰው ነጭ ለብሶ መጥቷል። ሊቀ ተስፋ በወንበሩ፣ የአገሩ ዳኛ ቆየልኝ በወንበራቸው ተቀምጠዋል። አውላቸው ቋጥኙ ላይ ወጥቶ ነጋሪቱን መታ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በዝም ባይ ተራራ ውስጥ ወርቅ የለም!»

ቃሉ እንደ ጥይት ጮኸ። እናቶች የልጆቻቸውን ጆሮ ያዙ። ሽማግሌዎች ያን ቃል ከወጣትነታቸው ወዲህ አልሰሙትም ነበር።

«ጉድጓድ የለም! ሣር ነው! በሬዎቻችሁ የሉም፤ ተበልተዋል! የያዛችሁት ጠፍር የራሳችሁ በሬ ቆዳ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ! የነዳሁላቸውም እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ!»

ዘበኞች ጎትተው አወረዱት። ፍርዱ እዚያው ተሰየመ። በዚያ አገር ዳኛ የሰው ፊት አይቶ እንዳያደላ ጀርባውን ለተከሳሽ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ዳኛ ቆየልኝም ወንበራቸውን አዙረው ከኋላቸው ላለው ግንብ ተናገሩ።

«ተከሳሽ የተከለከለውን ቃል ተናግረሃል?»

«ተናግሬአለሁ ጌታዬ። ግን ሄደው ይዩ፤ እውነት ነው።»

«እውነት መሆን አለመሆኑ ለዚህ ችሎት አልቀረበም» አሉ ዳኛው። ጥቂት ካሰቡ በኋላ ፈረዱ። «አንገቱን ብንቆርጠው የተናገረው ይቀራል። ስለዚህ እሱ ይኑር፤ ድምፁ ይሙት። ነጋሪቱ ይወሰድ። ከዛሬ ጀምሮ አውላቸው አፉን በከፈተ ቁጥር የሰማ ሁሉ ይሳል። ያልሳለ የጥፋቱ ተካፋይ ነው፤ ቤቱ ይታሸጋል።»

የሳል ተቆጣጣሪዎች ዕለቱን ተሾሙ።

ከዚያ ወዲያ አውላቸው «እንደምን አደራችሁ» ሲል መንደሩ ሁሉ ይስላል። ለቅሶ ቤት ገብቶ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ሲል ሐዘንተኛው ከእንባው ጋር ይስላል። ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም፤ ቤት አላቸው፣ ልጅ አላቸው። አንድ ቀን ስለ በሬው ሊነግራት እኅቱ ቤት ሄደ። «እትዬ፣ ቡሬን አገኘሁት…» ብሎ ሲጀምር ተቆጣጣሪው በር ላይ ቆመ። አትጠገብ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳለች። ዓይኗን ከሱ ላይ ሳታነሣ ነበር የሳለችው። አውላቸው ቃሉን ሳይጨርስ ወጣ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው እንዳያስቸግር ብሎ ዝም አለ።

ማኅበሯም ስሟን ለውጣ፣ ሌላ አዋጅ ነጋሪ ቀጥራ፣ ለአዲሱ ተራራ ከብት የምትሰበስብበት ቀን ደረሰ። ሰው መጣ! ይኸ ነው የሚያንገበግበው። አንዱ ለአንዱ፣ «የገባው እንዳይቀር ትንሽ ልጨምርበት» ይላል። ፍየል የቀረው ፍየሉን፣ ጊደር የቀረው ጊደሩን ይዞ ተሰልፏል። ከፊት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የልጅ ልጆቻቸው ወተት የሚያገኙባትን አንዲት ላም በገመድ ይዘዋል።

አውላቸው ከሰዉ መካከል ወጣ። አጠገባቸው ደርሶ፣ ሳይጮኽ፣ «አባባ፣ ላምዎን ይመልሱ» አለ።

ሳሉ እንደ ማዕበል ተነሣ። ገበያው በሙሉ ሳለ። ሽማግሌውም ሳሉ፤ ላሚቱ ደንግጣ ገመዷን በጠሰች። አውላቸው እንደገና አፉን ከፈተ፤ ሳሉም እንደገና ተነሣ። ተቆጣጣሪዎቹ በገበያው ሰው መካከል እየተዘዋወሩ ጆሮአቸውን ወደ እያንዳንዱ አፍ ሲያስጠጉ አንዱ አትጠገብ ፊት ቆመ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሳልሽ የታለ?»

አትጠገብ አፏን ገጥማ ቆማለች።

«ሳልሽ የታለ እኮ ነው የምልሽ!»

«በሬዎቼን ወሰዳችሁ» አለች። «የልጄን ሠርግ ወሰዳችሁ። ሳሌ የኔ ነው። አልሰጥም!»

ተቆጣጣሪው እንዲህ ያለ መልስ አልተማረም ነበር፤ ወደ ዳኛው ዞር አለ። በዚያ መካከል ከአትጠገብ ጎን የቆመችው ስንዱ ሳሏን አቆመች። የፈረሰው ሠርግ ሙሽራ፣ ያ እጮኛዋ የነበረው ወጣት፣ አቆመ። አባቱ አቆመ። ሳሉ ከመሐል ወደ ዳር እየሳሳ እየሳሳ ሄደና የአንድ ሰው ሳል ብቻ ቀረ። የሊቀ ተስፋ ቀፀላ ነበር። እሱም አፈረና ተወው።

«ተናገር» አለች አትጠገብ።

አውላቸው ያለ ነጋሪት፣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር እንደሚያወራ ሆኖ ተናገረ። ስለ ቆዳዎቹ፣ ስለ ጥብሱ፣ ስለ ሣሩ፣ ግምጃ ስለ ለበሰው ዶማ ነገራቸው። ከተሰለፈው ሰው የሚበዛው ከብቱን አዙሮ ሄደ። ሁሉም አልሄደም፤ «ቢሆንስ?» እያሉ የቀሩ ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ሰው በየአገሩ አይታጣም። ዳኛ ቆየልኝ ይኸን ሁሉ ቤት ለማሸግ ስንት ማኅተም እንደሚያስፈልግ ሲያስቡ ደከማቸውና ወንበራቸውን አስይዘው ገቡ። የተወሰደ በሬ ግን አንድም አልተመለሰም። የተበላ በሬ በምን ይመለሳል? ሕዝቡ ተራራው ዘንድ ሲደርስ ያገኘው ቆዳና አጥንት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ፈልጎ በትከሻው ተሸክሞ ወረደ።

ሊቀ ተስፋ ቀፀላ የቀሩለትን ከብቶች አስነድቶ፣ ወንበሮቹን በበቅሎ አስጭኖ ወንዙን ተሻገረ። ማንም አልያዘውም፤ ወንዙን ሲሻገር አንዲት አሮጊት ሰላምታ ብትሰጠው ከበቅሎው ወርዶ እጅ ነሣት ይባላል።

አውላቸው ይኸን በሰማ ጠዋት ጫማውን አጠበቀ። ባለ በቅሎው በሰፊው መንገድ ዞሮ ይሄዳል፤ እግረኛ ግን በገደሉ አቋራጭ ይቀድመዋል። አትጠገብ በሶ በስልቻ ቋጥራ መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«ነጋሪት እንኳ የለህ» አለችው።

«እግር አለኝ።»

ስልቻውን ትከሻው ላይ አስተካከለችለት። «ይቅር አላልኩህም፣ እወቀው። ያኔ ደፍ ላይ ቆሜ አንተን ነበር የጠየቅሁህ።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«በል ፍጠን፤ በቅሎዎቹ ወንዙን ካለፉ ቆይተዋል።»

ማዶ ያለው አገር ሲደርስ የቀፀላ ቀዳሚ ሰዎች ደርሰው የመጀመሪያውን ድንኳን ካስማ ይመቱ ነበር። ወሬው ከነሱ ቀድሞ ገብቷልና አንድ ገበሬ ገና በማለዳው ወይኖ በሬውን እየሳበ ወደ ድንኳኑ ይሄዳል። አውላቸው መንገዱ መሐል ቆመ። ጉሮሮው ከመንገዱ አቧራ ደርቆ ነበር፤ ድምፁም ያ የድሮው አልነበረም።

«ጌታው፣ ይኸን በሬ ወዴት ይወስዱታል?»

«ወርቅ አለ አሉ» አለ ገበሬው። «አንተ ከወዲያ ማዶ የመጣህ ትመስላለህ። አለ?»

«የለም» አለ አውላቸው።

ቃሉ ማዶም የተከለከለ ነበርና ገበሬው ከግራ ከቀኝ ሰው ሰምቶ እንደሆነ ተገላመጠ። በሬውን አየ፤ ድንኳኑን አየ፤ ካስማ የሚመቱትን ሰዎች አየ። ከዚያ የመሳቢያውን ገመድ እጁ ላይ ሁለት ዙር ጠቀለለና በሬውን ይዞ መንገድ ዳር ቁጭ አለ።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለ።